የቆዩ የሙዚቃ ሸክላዎች የት እና እንዴት እንደተሠሩ ለይቶ ስለማወቅ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ በምትገኘው በጠዳም ሆነ በአጎራባቿ በአዘዞ፣ ከወላጆች የተወረሱ የሙዚቃ ሸክላዎች በሳጥን ተዘግቶባቸው የተቀመጡባቸው ቤቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ማጫወቻው ከተበላሸ ወይም ከተሸጠ ብዙ ዘመን ያለፈው ቤተሰብ ሸክላዎቹን የሚያስታውሳቸው ውርስ ሲከፋፈል፣ ቤት ሲፈርስ ወይም ገዥ ደጃፍ ሲመጣ ነው። ገዥው «አንዱን በዚህ ያህል» ብሎ በቁጥር ዋጋ ሲያቀርብ፣ ባለቤቱ በእጁ ያለው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሊስማማ ይችላል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ግን ቅጂው በዓለም ሁሉ የተበተነ ተራ የውጭ አገር ዘፈንና ሌላ ቅጂው በቀላሉ የማይገኝ የኢትዮጵያ ሥራ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ላልለመደ ዓይን ሁለቱም ጥቁር ክብ ናቸው።

ይህ ማብራሪያ የቆዩ ሸክላዎች ባለቤቶች በእጃቸው ያለው ሸክላ በየትኛው አገር፣ በምን ዘዴና በግምት በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ራሳቸው ሊመረምሩ የሚችሉበትን መንገድ ያስረዳል። ምርመራው ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የቀን ብርሃን፣ የእጅ ባትሪ፣ አጉሊ መነጽርና ማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። ማጫወቻ እንኳ አያስፈልግም። እንዲያውም መርፌው ምን ያህል እንዳለቀ በማይታወቅ አሮጌ ማጫወቻ ላይ ሸክላውን ማስቀመጥ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ ምርመራው ሳይጠናቀቅ ባይሞከር ይመረጣል።

የተቀረጸበት፣ የወጣበትና የታተመበት አገር

ስለ አንድ ሸክላ ትውልድ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ በመለያ ወረቀቱ ላይ ያነበበውን የአሳታሚ ስም ነው። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ድምፁ የተቀረጸበት አገር፣ ሸክላውን በስሙ ያወጣው አሳታሚ የሚገኝበት አገርና ሸክላው በፋብሪካ የታተመበት አገር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ የተገናኙበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1940 ዓ.ም. በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ መሠረት፣ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ይህን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ ሥራውን በዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ጀመረ። ዘፈኑ በአዲስ አበባ ተቀረጸ፤ አሳታሚውም የአዲስ አበባ ነጋዴ ነበር። ሸክላው ግን የታተመው በመጀመሪያ በሕንድ፣ ቆይቶም በሊባኖስ ነው። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ እስከሄደበት ጊዜ ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና ወደ 12 የሚጠጉ ረጃጅም ሸክላዎችን አውጥቷል። እንግዲህ የአምሃን መለያ ይዞ «ይህ የኢትዮጵያ ሥሪት ነው» የሚል ሰው ግማሹን እውነት ብቻ ይናገራል።

ተቃራኒው ሁኔታም አለ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል»ን፣ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን ያወጣው በኒው ዮርክ ዎርዚ ሪከርድስ በተባለ አሳታሚ በኩል ነው። በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ኢትዮጵያ የምትገኘው በሙዚቀኛውና በሙዚቃው ውስጥ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ደግሞ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ለትምህርት ወደ ጀርመን በሄዱበት ጊዜ ድምፃቸው በዚያው አገር በሸክላ ተቀርጿል። የኢትዮጵያ የሸክላ ታሪክ የሚጀምረው ከእነርሱ ነው።

የአሊ አብደላ ካይፋ (በተለምዶ አሊ ታንጎ) ካይፋ ሪከርድስና በኢትዮጵያ ገበያ የነበረው ፊሊፕስ በእነዚያው ዓመታት ሌሎቹ ዋና ስሞች ናቸው። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እና የዋልያስ ባንድ «ጨ በለው» በካይፋ መለያ የወጡ ናቸው፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ካሴት ገበያውን ሙሉ በሙሉ ወሰደው። ስለዚህ የአገር ውስጥ አሳታሚዎች የዘመናዊ ሙዚቃ ሸክላ የወጣበት ዘመን ከአሥር ዓመት እምብዛም አይበልጥም። አንድ ባለ 45 ዙር የአማርኛ ሸክላ በእጅ ሲገባ የዘመን ግምቱ በዚህ ጠባብ መስኮት ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ይህም ለመርማሪው ትልቅ እርዳታ ነው።

ሸክላ በፋብሪካ እንዴት ይሠራል?

ምልክቶቹን ማንበብ የሚቻለው እንዴት እንደተፈጠሩ ሲታወቅ ስለሆነ፣ የአሠራሩን ሂደት በአጭሩ ማየት ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ በቴፕ ላይ ያለው ድምፅ፣ ለስላሳ ልባጥ በተቀባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ በሚቆርጥ መርፌ ይቀረጻል። መርፌው የሚያወጣው ረጅም ጠመዝማዛ መስመር ፈር ይባል። ዘፈኑ ሲያልቅ ፈሩ ተራርቆ ወደ መሃል ይገባል፤ በመጨረሻው ዘፈንና በመለያ ወረቀቱ መካከልም ድምፅ የሌለበት ባዶ ቀለበት ይቀራል። ቆራጩ ባለሙያ በዚህ ባዶ ቀለበት ላይ የሥራውን መታወቂያ ቁጥር በእጁ ይጭራል ወይም በብረት ፊደል ይመታል። ቀጥሎ ሰሌዳው ብር ይረጭበትና በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይለበጣል። ልባጡ ሲላቀቅ ፈሩ ወደ ውጭ የወጣ፣ ማለትም ግልብጥ የሆነ ብረት ይገኛል፤ የሙያው ሰዎች ይህን «አባት» ይሉታል። ከአባት ላይ «እናት» ትወሰዳለች፤ እናት ፈሯ እንደ ሸክላው ወደ ውስጥ የገባ ነው። ከአንዲት እናት ብዙ ማተሚያ ቅርጾች ይወሰዳሉ፤ እነርሱም እንደ አባት ግልብጥ ናቸው። በመጨረሻ በሁለት ማተሚያ ቅርጾች መካከል የጋለ የቪኒል ጥፍጥፍ ከነመለያ ወረቀቶቹ ገብቶ በእንፋሎት ሙቀትና በከባድ ጫና ይታተማል፤ ወዲያው በውኃ ቀዝቅዞ ጠርዙ ይስተካከላል።

ከዚህ ሂደት ለመርማሪው የሚጠቅም አንድ ነገር ይወጣል። በመጀመሪያው ሰሌዳ ወይም በእናት ላይ የተጻፈ ምልክት በሸክላው ላይ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ይታያል። በግልብጡ ብረት፣ ማለትም በአባት ወይም በማተሚያ ቅርጹ ላይ የተጻፈ ምልክት ደግሞ በሸክላው ላይ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ በጣት ጫፍ ጎርበጥ ብሎ ይሰማል። በሌላ አገር የተቆረጠ ድምፅ በብረት ቅርጽ መልክ ተልኮ በሁለተኛ አገር ሊታተም ስለሚችል፣ የሰረጎደው ቁጥር የቆራጩን፣ የጎረበጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለማተሚያው ቅርብ የሆነውን ፋብሪካ ያመለክታል። ሁለቱ ምልክቶች በአጻጻፍ ስልት የማይመሳሰሉ ከሆነ ሸክላው በሁለት እጅ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

ባዶውን ቀለበት ማንበብ

ሸክላው ጠርዙና መለያው ላይ ብቻ ተይዞ ወደ መስኮት ይቅረብ። የእጅ ባትሪው ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ ብሎ ይብራ፤ ጭረቱ ጥላ ሲጥል ይነበባል። ከዚያም ቀለበቱ ዙሪያውን ሙሉ ይታይ። ብዙዎች የመጀመሪያውን ቁጥር እንዳገኙ ያቆማሉ፤ ነገር ግን ወሳኟ ትንሽ ፊደል በተቃራኒው ወገን ብቻዋን ተደብቃ ልትገኝ ትችላለች። የተገኘው ሁሉ፣ ሰረዙና ነጥቡ ሳይቀር፣ ለሁለቱም ገጽ ለየብቻ ይጻፍ።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮች እንዳይምታቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመለያ ወረቀቱ ላይ የታተመው የአሳታሚው ዝርዝር ቁጥር ነው፤ የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች በላቲን ፊደላት «ኤ-ኢ»፣ የካይፋ ደግሞ «ኬ-ኤፍ» ብለው የሚጀምሩ ቁጥሮች አሏቸው። በባዶው ቀለበት ላይ ያለው የፋብሪካው የቅርጽ ቁጥር ነው። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ የተለያዩ ሲሆኑ ግን ስለ ማተሚያው የሚናገረው የቀለበቱ ቁጥር ነው። አንድ ዘፈን ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም መለያው ሳይለወጥ የቅርጽ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ በዝርዝር ቁጥር አንድ የሆኑ ሁለት ሸክላዎች የሁለት ፋብሪካ ልጆች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ምልክታቸው በደንብ የታወቀ ነው። በእንግሊዝ ሄይስ የነበረው የግራሞፎን ኩባንያ፣ ኋላ ኢ-ኤም-አይ፣ የቅርጽ ቁጥሩን ከታች፣ የእናቲቱን ተራ ቁጥር በግራ፣ የማተሚያ ቅርጹን ተራ ደግሞ በቀኝ በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር። ፊደላቱ ጂ፣ አር፣ ኤ፣ ኤም፣ ኦ፣ ፒ፣ ኤች፣ ኤል፣ ቲ፣ ዲ ሲሆኑ በቅደም ተከተል ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮችና ዜሮን ይወክላሉ። በዚህ መሠረት በቀኝ በኩል «አር» ብቻዋን ከተገኘች ሸክላው ከሁለተኛው ማተሚያ ቅርጽ፣ «ጂ» እና «ኦ» ተከታትለው ከተገኙ ደግሞ ከ15ኛው የወጣ ነው። የጣልያን ሸክላዎች ደግሞ ለመርማሪ ከሌሎቹ ይልቅ ቸር ናቸው፤ ብዙዎቹ በባዶው ቀለበት ላይ ቀን፣ ወርና ዓመት በግልጽ ተጽፎባቸዋል። ያ ቀን ቅርጹ የተሠራበት እንጂ ሸክላው ገበያ የዋለበት አለመሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል።

መለያ ወረቀቱ፣ ቀዳዳውና ሽፋኑ

በመለያው ጠርዝ ዙሪያ በደቃቁ የተጻፈው ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር ይነበብ። «በዚህ አገር የተሠራ» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ከተገኘ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሐረጉ በብዙ ዕቃ ላይ የሚገኘው ያለምክንያት አይደለም፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1887፣ አሜሪካም በ1890 ባወጧቸው ሕጎች የተነሳ ወደ ውጭ የሚላኩ ዕቃዎች የትውልድ አገራቸውን በእንግሊዝኛ የመጻፍ ልማድ ተስፋፍቷል። ሐረጉ የተገኘው በሽፋኑ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ስለ ሽፋኑ ብቻ ይናገራል። ሽፋን በአንድ አገር፣ ሸክላ በሌላ አገር መታተሙ የተለመደ ነው። በተጨማሪም በቤት ውስጥ ሸክላዎች ከሽፋን ሽፋን ይለዋወጣሉ፤ ባዕድ ሽፋን ለብሶ የተገኘ ሸክላ ስንት ጊዜ አሳስቷል።

አገሩ በግልጽ ባይጻፍም በመለያው ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚታየው የደራሲያን መብት አስከባሪ ማኅበር ምሕፃር ይረዳል። ጂ-ኢ-ኤም-ኤ የጀርመን፣ ኤስ-አይ-ኤ-ኢ የጣልያን፣ ኤስ-ቲ-ኢ-ኤም-አር-ኤ የሆላንድ፣ ጄ-ኤ-ኤስ-አር-ኤ-ሲ የጃፓን ነው። ቢ-አይ-ኢ-ኤም የሚለው ግን የብዙ አገሮች የጋራ ድርጅት ስለሆነ ብቻውን አገር አይለይም።

ዓመተ ምሕረት ከተጻፈ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጣራ። በአማርኛ የተጻፈ 1963 እና በላቲን ፊደል ጽሑፍ መካከል የተገኘ 1963 በሰባትና በስምንት ዓመት ይራራቃሉ። ይህ ልዩነት ከላይ የተጠቀሰውን ጠባብ የዘመን መስኮት በቀላሉ ያዛባል።

የመሃል ቀዳዳው ስፋትም ይታይ። ትንሹ ቀዳዳ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ሰፊው፣ በአሜሪካ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች የተለመደውና ሳንቲም ለሚበላው የቡና ቤት ማጫወቻ የሚመቸው፣ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሰፊ ቀዳዳ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም ሊቆረጥ ስለሚችል ጠርዙ ይመርመር፤ ያልተስተካከለና የመጋዝ ምልክት ያለበት ከሆነ የባለቤት ወይም የነጋዴ ሥራ ነው። በመለያው ላይ የሚታየው ክብ ጉድባ ደግሞ ማተሚያ ቅርጹን ከያዘው ብረት የሚቀር አሻራ ነው። ስፋቱ በማስመሪያ ተለክቶ ከሌላ ሸክላ ጋር ሲነጻጸር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ማተሚያ መውጣታቸው ይገመታል። አንዱ አገሩ የተጻፈበት፣ ሌላው ያልተጻፈበት ሲሆን ይህ ልኬት ዋጋው ከፍ ይላል። ሳጥኑን ሳይበትኑ በአንድነት መመርመር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ሸላክ ወይስ ቪኒል?

«ሸክላ» የሚለው ስም ከጀበናውና ከምጣዱ ጋር የተጋራ ነው፤ ለባለ 78 ዙሩ አሮጌ ሸክላም ከልክ በላይ ይስማማዋል። ያ ሸክላ የሚሠራው ሸላክ ከተባለ፣ አንዲት ትንሽ ነፍሳት በዛፍ ላይ ከምታመነጨው ሙጫና ከደቀቀ ድንጋይ ቅልቅል ስለሆነ ከባድና ደረቅ ነው፤ ቢወድቅ እንደ ገል ይሰበራል። በስፋት የሚገኘው ባለ 25 ሳንቲ ሜትሩ በአንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። ቪኒል ቀለል ያለና ትንሽ የሚለመጥ ነው። ባለ 33 ዙሩ ረጅም ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ባለ 45 ዙሩ በ1949 በአሜሪካ ወጡ።

ሁለቱን ለመለየት ሸክላውን መለመጥም ሆነ በጋለ መርፌ መንካት አያስፈልግም። ክብደቱና በመለያው ላይ የተጻፈው የዙር ፍጥነት ይበቃሉ። ይሁን እንጂ ባለ 78 ዙር የሆነ ሁሉ ከ1950ዎቹ በፊት የተሠራ ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም። አውሮፓና አሜሪካ ከተዉት በኋላም ሕንድ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ባለ 78 ዙር ሸክላ ታትም ነበር፤ የቢትልስ ዘፈኖች እንኳ በዚህ መልክ ወጥተዋል። የቁሱ ዓይነት አሠራሩን እንጂ ዘመኑን ብቻውን አይመሰክርም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ሸላክ በአልኮል ይሟሟል። አቧራ ለማስለቀቅ ተብሎ በአረቄ ወይም በሕክምና አልኮል የተወለወለ ባለ 78 ዙር ሸክላ ፈሩን ያጣል፤ ጉዳቱም አይመለስም። የአቧራ ማጽጃው ለስላሳና ደረቅ ጨርቅ ሆኖ የፈሩን አቅጣጫ ተከትሎ ይሂድ። ማናቸውም ፈሳሽ ከመለያ ወረቀቱ ይራቅ፤ መለያው ከጠፋ ከላይ የተዘረዘረው ማስረጃ ግማሹ አብሮ ይጠፋል።

የመጀመሪያ እትምና የኋላ እትም

የኢትዮጵያ የቆየ ሙዚቃ በውጭ አገር ተፈላጊ ከሆነ ወዲህ ብዙዎቹ ሥራዎች በሕጋዊ መንገድ እንደገና ታትመዋል። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ ወጥቷል። የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሳትሟል። «ጨ በለው» እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ፣ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» በ2017 በእንግሊዝ እንደገና ወጥተዋል። አንዳንዶቹ የኋላ እትሞች የድሮውን መለያ ሥዕል ሳይቀር በጥንቃቄ ስለሚደግሙ ከሩቅ ሲታዩ ያታልላሉ። ሐሰተኛ ናቸው ማለት አይደለም፤ የዛሬ ሥራዎች ናቸው ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ እንደ መጀመሪያ እትም መሸጥም ሆነ መግዛት ግን ለክርክር በር ይከፍታል።

መለያ ምልክታቸው ብዙ ነው። በሽፋኑ ላይ የመስመር ኮድ ወይም የድረ ገጽ አድራሻ ከተገኘ ሽፋኑ የ1960ዎቹም ሆነ የ1970ዎቹ ሊሆን አይችልም። የዛሬ ረጅም ሸክላ ብዙ ጊዜ 180 ግራም ይመዝናል፤ የያኔው ከ120 እስከ 140 ግራም ገደማ ነበር። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ይበቃል። ባዶው ቀለበት ላይም ዘመናዊ ፋብሪካ ራሱን ይገልጣል። በቼክ ሪፐብሊክ ሎዴኒትሴ የሚገኘው ጂ-ዜድ ሚዲያ ብዙውን ጊዜ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ጽፎ በ«ኢ-1» እና ከሰያፍ ሰረዝ በኋላ በሚመጣ የገጽ ፊደል ይዘጋል፤ የፈረንሳዩ ኤም-ፒ-ኦ ደግሞ ሦስቱን ፊደሎቹን በግልጽ ይጽፋል። የኢትዮጵያ ዘፈን በእንዲህ ያለ ምልክት ከተገኘ፣ መለያው ምንም ያህል ያረጀ ቢመስል ሸክላው የአያት ሳጥን ውስጥ የቆየ አይደለም።

ከመሸጥ በፊት

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታሪካዊ፣ ባህላዊ ወይም ኪነ ጥበባዊ ከፍተኛ ዋጋ ያላቸውን ነገሮች በቅርስነት ይጠብቃል። ግለሰብ የቅርስ ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ልክ የመጠበቅና የማስመዝገብ ግዴታ አለበት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ክልክል ነው። እያንዳንዱ አሮጌ ሸክላ ቅርስ ነው ማለት አይደለም። አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ጉዳዩን አይቶ የሚወስነው ገዥውም ሆነ ሻጩ ሳይሆን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። በጠዳና በአካባቢው የሚኖሩ ባለቤቶች በመጀመሪያ በጎንደር ከተማ አስተዳደር ስለ ባህልና ቱሪዝም ኃላፊነት ወዳለው መሥሪያ ቤት ቢቀርቡ ወደሚመለከተው አካል ይመራሉ። ገዥው ሸክላውን ወደ ውጭ እንደሚወስደው ከተናገረ ይህ እርምጃ ከሽያጩ በፊት መወሰድ አለበት።

ሸክላውን መያዝ ዘፈኑን መያዝ አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት የተጠበቀ ነው። ስለዚህ በቤት የተገኘን ሸክላ ወደ ዲጂታል ገልብጦ ለገበያ ማቅረብ የመብቱን ባለቤቶች ፈቃድ ይጠይቃል። ጥያቄ ያላቸው ሰዎች የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ማነጋገር ይችላሉ። ሸክላውን መሸጥ ሳይሆን ለትውልድ ማስቀመጥ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ደግሞ ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ወይም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጋር ሊመክሩ ይችላሉ።

ወደ ማናቸውም መሥሪያ ቤት ከመሄድ በፊት ለእያንዳንዱ ሸክላ አንድ ገጽ ማዘጋጀት ሥራውን ያፋጥናል። በገጹ ላይ የድምፃዊው ስምና የዘፈኑ ርእስ በመለያው ላይ እንደተጻፈው፣ የፊደል ግድፈት ቢኖርበት እንኳ ሳይታረም ይገልበጥ። የአሳታሚው ዝርዝር ቁጥር፣ በሁለቱም ገጽ ያለው የቀለበት ጽሑፍ ከነሰርጓዳና ጎርባጣነቱ፣ የቀዳዳው ስፋት፣ ክብደቱ፣ በመለያውና በሽፋኑ ላይ የተገኘ የአገር ስም ለየብቻ ይመዝገቡ። ሸክላው ወደ ቤተሰቡ እንዴት እንደገባ ከትልልቆቹ ተጠይቆ ይጻፍ፤ ማን ገዛው፣ ከየትኛው ከተማ፣ ከየትኛው ሙዚቃ ቤት። ይህን የትኛውም አጉሊ መነጽር አያነበውም፤ የሚያስታውሱት ሰዎች ካለፉም አይገኝም። የመለያውና የባዶው ቀለበት ፎቶግራፍ አብሮ ይያያዝ። ሸክላዎቹ ራሳቸው ግን እስኪጠየቁ ድረስ በቤት ይቆዩ፤ ተደራርበው ሳይተኙ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ቀን ከሚግለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ቆጥ ወርደው ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ በኩል ይቀመጡ።